ያውቁ ኖሯል? የስሜኑ ያሬድና የእማሆይ ጽጌ ማርያም ፒያኖ

ያውቁ ኖሯል? ቅዱስ ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው እዚሁ እኛው ዘንድ፣ ስሜን ውስጥ ነው። ተወልዶ ያደገው አክሱም፣ ዘመኑም 6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ገድሉ እንደሚተርከው፣ አፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጠው የተመረኮዙትን ጦር እግሩ ላይ ተከሉት። ደሙ ሲፈስ እሱም አልተሰማው፣ ንጉሡም አላዩ። ልባቸው ሲመለስ ደነገጡና የፈለግኸውን ጠይቀኝ አሉት። ወርቅ አልጠየቀም፤ ርስት አልጠየቀም። አሰናብቱኝ አለ። ተሰናብቶም ወደ ስሜን ተራሮች መጣ፤ እያስተማረና እየጸለየ ኖሮ እዚሁ ተሰወረ። ደባርቅ ላይ ቆመው ወደ ምሥራቅ ሲመለከቱ የሚያዩት ጉም የለበሰ ሰንሰለት ለጎብኚ የዋልያና የጭላዳ አገር ነው። ለዜማ ሰው ግን የመምህሩ ማረፊያ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ይህ መምህር በልጅነቱ ትምህርት የማይገባው ተማሪ ነበር። አባቱ ሲሞትበት እናቱ ለአጎቱ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። ዳዊቱን መያዝ አቃተው፤ ጓደኞቹ ሳቁበት፤ ግርፊያው ሲበዛበት ጥሎ ጠፋ። ማይ ኪራሕ በተባለ ቦታ ከዛፍ ሥር አረፍ ብሎ ሳለ አንዲት ትል ግንዱን ስትወጣ አየ። ትወጣለች፣ ትወድቃለች። ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ፍሬው ላይ ደረሰች። ትሏን ያልሰማ ልጅ የለም፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ሁሉ ይነገራል። እኔ ግን ልቤ የሚቀረው ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው፦ ያሬድ ተነሥቶ የሄደው ወደ ሌላ አገር ሳይሆን እንደማይችል ወዳየበት ወደዚያው ጉባኤ ነው። ይቅርታ ጠይቆ እንደገና ጀመረ። የሳቁበት ልጆች አሁንም እዚያው ተቀምጠዋል። ከራስ ጋር መታረቅ ስንል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ያለ አይመስለኝም።

ያውቁ ኖሯል? የያሬድ ዜማ ሦስት ስልት አለው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ።

ያውቁ ኖሯል? ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ እየተባሉ ከቃሉ በላይ የሚጻፉት የዜማ ምልክቶች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል የተደራጁ ናቸው። ከዚያ በፊት የያሬድ ድጓ ዜማ በቃል ይያዝ ነበር። ሺህ ዓመት ገደማ፣ ከአፍ ወደ ጆሮ።

ያውቁ ኖሯል? ያሬድ ካለፈ ከ1,400 ዓመት ገደማ በኋላ አንዲት ፒያኖ ተጫዋች መነኩሲት የእሱን ዜማ ሊማሩ ጎንደር ገቡ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። ጊዜው 1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ሞዛርትንና ቤትሆቨንን አሳምረው የሚጫወቱ ሴት የአገራቸውን ዜማ ከሥሩ ለማወቅ ደብተራዎቹ ወዳሉበት መጡ። ድርሰቶቻቸውን የሰማ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ግራ እጅ የአውሮፓን ይዞ ይሄዳል፣ ቀኝ እጅ ደግሞ እንደ ማሕሌት ይንቀጠቀጣል፣ ይዘገያል፣ ይመለሳል። አንዳንዱ የውጭ ጸሐፊ ጃዝ ይለዋል። እኔ ርክርክ እሰማበታለሁ።

ያውቁ ኖሯል? እማሆይ ለጎንደር ባዳ አልነበሩም። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ «ከንቲባ» የተባሉት ጎንደርን በማስተዳደራቸው ነው። እኅታቸው ስንዱ ገብሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1957 ለፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? እማሆይ ከመመንኰሳቸው በፊት ስማቸው የውብዳር ነበር። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ። ጣሊያን ሲመጣ ቤተሰቡ ሁሉ ተግዞ አዚናራ ወደምትባል ደሴት ተወሰደ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ገቡ። ልምምዳቸው በቀን ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ፒያኖና ቫዮሊን። በኋላ የካይሮ ሙቀት አልስማማ ስላላቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ያውቁ ኖሯል? ሕይወታቸውን የቀየረው አንድ የተከለከለ ጉዞ ነው። ለንደን ወደሚገኘው ንጉሣዊ የሙዚቃ አካዳሚ ሄደው የመማር ዕድል አገኙ፤ መሄጃው ፈቃድ ግን ተከለከለ። ወጣቷ የውብዳር እህል አልቀምስም አሉ። አሥራ ሁለት ቀን። ሆስፒታል ተኝተው፣ ለሞት ቀርበው፣ የጠየቁት ቅዱስ ቁርባን ነበር። ከዚያ አልጋ ሲነሡ ልባቸው ወደ ጸሎት ዞሯል። በ19 ዓመታቸው ለማንም ሳይናገሩ ግሸን ማርያም ገቡ፤ በ21 ዓመታቸው መነኰሱ። አሥር ዓመት ያህል ባዶ እግራቸውን፣ ፒያኖ በሌለበት አምባ ኖሩ። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ለተለማመደ ጣት አሥር ዓመት ምን ያህል እንደሆነ አስቡት። እኔ ይህን ዘመን እንደ ሽንፈት አላየውም። ትልቁ በር ፊታቸው ላይ ሲዘጋ ከሙዚቃውም ተለይተው ማን እንደሆኑ ያወቁት እዚያ ነው። በኋላ ወደ ፒያኖው የተመለሱት ለመታወቅ የሚጫወቱ ሴት ሆነው አልነበረም፤ በዓይናቸው ያዩትን ችግር ለማቃለል የሚጫወቱ እናት ሆነው ነው።

ያውቁ ኖሯል? ግሸን የሚገኘው አምባሰል ነው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ አንዱ ስሙን ያገኘው ከዚያው አገር ነው።

ያውቁ ኖሯል? «አዝማሪ» እና «መዝሙር» የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። ሁለቱም «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጡ ናቸው፤ ማመስገን ማለት ነው። አንደኛውን ቃል አክብረን ሌላውን ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። እ.ኤ.አ. በ1937 ግራዚያኒ አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን እየያዛችሁ ረሽኑ ብሎ ሲያዝ፣ ጠላት የማሲንቆን ጉልበት ከእኛ በላይ እንደተረዳ አሳየ። ጎንደር የተወለደችው አስቴር አወቀ እ.ኤ.አ. በ1989 በለንደን ኩባንያ ባወጣችው አልበም ድምፃችንን ለዓለም ስታሰማ፣ ከኋላዋ የቆመው ያ ሁሉ ስሙ ያልተጻፈ ዘማሪ ነው።

ያውቁ ኖሯል? የእማሆይ የመጀመሪያ ሸክላ የታተመው ለቆሎ ተማሪዎች ሲባል ነው። ይህን እኛ የደባርቅና የዳባት ሰዎች ከማንም በላይ የምንረዳው ይመስለኛል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል። ጎሕ ሲቀድ አንድ ልጅ ደጅ ላይ ይቆማል። ደበሎ ለብሷል፤ የበጉ ፀጉር ወደ ውጭ ነው። አኮፋዳው በግራ ትከሻው፣ ለውሻ የሚሆን ዱላ በቀኝ እጁ። እግሩ ተሰነጣጥቋል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ድምፁ ከብርዱ የተነሣ ይቆራረጣል። ጥሬ ወይም ቁራሽ እንጀራ ይዛ የቤቱ እመቤት ትወጣለች። አንዳንድ ቀን ውሻው ብቻ ይወጣል። ያ ልጅ ከተቀበለው ላይ በልቶ፣ ጎጆው ገብቶ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያጠናው የስሜኑን ያሬድ ድጓ ነው።

እማሆይ ጎንደር ሳሉ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ የሚያዩት እነዚህን ልጆች ነበር፤ ለምነው የሚበሉ፣ ማደሪያ አጥተው ውጭ የሚተኙ። የሚሰጡት ገንዘብ በእጃቸው አልነበረም። ያላቸው ጣታቸው ነው። እናም ድርሰቶቻቸውን ቀርጸው፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ እርዳታ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ሸክላ አሳተሙ። በመላው ዓለም ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ያ ሸክላ መነሻው የጎንደር ደጀ ሰላም ላይ የተኛ ልጅ ነው። ሸክላውን የሚያደንቁ ስንቶች ይህን ያውቁ ይሆን?

ያውቁ ኖሯል? እማሆይ ዘፍነዋልም። በደርግ ዘመን፣ አዲስ አበባ ባለው የቤተሰባቸው ቤት ውስጥ፣ ፒያኖ እየተጫወቱ በአማርኛ ያንጎራጎሯቸውን የራሳቸውን ግጥሞች በካሴት ቀድተው አስቀመጡ። ስቱዲዮ የለም፣ ባንድ የለም፤ ድምፃቸው ቀጭንና ዝግ ያለ ነው፤ ለራሱ የሚያንጎራጉር ሰው ድምፅ። ጉዳዩም ናፍቆት፣ ሐዘንና አገር ነው። ከመስኮቱ ውጭ የወፎች ጫጫታ ይሰማል። የያሬድን ዜማ ከገነት ያመጡለት ሦስት ወፎች ናቸው ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው ይህን መስማት ልብ ይነካል። ካሴቶቹ አልበም ሆነው የወጡት ካረፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ባለፈው ክረምት ደባርቅ ዝናብ እየጣለ በስልኬ ሳዳምጠው እናቴ ቡና መውቀጡን አቁማ «ይቺ ሰው የት አገር ናት?» አለችኝ። ነገርኋት። ሙቀጫውን ወደ ጎን ገፍታ እስኪያልቅ ሰማች።

ያውቁ ኖሯል? ከእ.ኤ.አ. 1984 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው እማሆይ የኖሩት ኢየሩሳሌም፣ በኢትዮጵያ ገዳም ውስጥ ነው። ጠባብ ክፍል፣ አልጋና ፒያኖ። ድርሰቶቻቸውን ለማሳተም የተነሣችው ማያ ዱኒዬትስ የምትባል ሙዚቀኛ የተቀበለችው በአየር መንገድ ፌስታል የታጨቀ በእጅ የተጻፈ የኖታ ክምር ነበር። የኖታ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2013፣ በ90 ዓመታቸው አካባቢ፣ ታተመ።

ያውቁ ኖሯል? ዓለም በስፋት ያወቃቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባሳተመው የ«ኢትዮፒክስ» የሙዚቃ ስብስብ ቅጽ 21 ነው። ሥራዎቻቸው «ፓሲንግ» በተባለው የእ.ኤ.አ. 2021 ፊልምና «ታይም» በተባለው የእ.ኤ.አ. 2020 ዘጋቢ ፊልም ውስጥ ይሰማሉ። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሰራጨው ዝግጅት «የሆንኪ ቶንክ መነኩሲት» ብሏቸዋል። ሆንኪ ቶንክ የአሜሪካ መጠጥ ቤት ሙዚቃ ነው። ዝግጅቱ በፍቅር የተሠራ ነው፤ ስሙ ግን ለእኔ አይሆንላቸውም። የያሬድ ተማሪ ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? እማሆይ ያረፉት መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ነው። የቅዱስ ያሬድ በዓል ደግሞ ግንቦት 11 ይከበራል።

እስከዚያው ግን አንድ ልመና አለኝ። ነገ ጠዋት በደባርቅ ወይም በዳባት ደጅዎ ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ ከሰሙ፣ ውሻውን ያዙለት። እንጀራውን ከሰጡት በኋላም ጥቂት ይቁሙና ምን እንደሚማር ይጠይቁት። ዜማ ነው ካለዎት፣ አንድ ሃሌታ እንዲያሰማዎ ይለምኑት።