አንድ ጋቢ፣ ሙሉ ጓዝ

ሐምሌ ሲገባ የመተማ ሰሊጥ አረም ይበዛበታል፤ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አጨዳው ይደርሳል። በሁለቱም ወቅት ከጎንደር አካባቢዎች፣ ከጎጃምና ከሌላም ስፍራ ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ ቆላው ይወርዳል። ጓዙ አንድ ማዳበሪያ አይሞላም፦ ቅያሪ ሱሪ፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ ጥቂት ስንቅ፣ አንድ ጋቢ ወይም ነጠላ። ከሁሉም በላይ ሥራ የሚበዛበት ጨርቁ ነው።

ጋቢ አራት ድርብ የሆነ የጥጥ ልብስ ነው። ነጠላና ኩታ ከእሱ ይሳሳሉ፣ ቡሉኮ ይከብደዋል። ጥጡ በመዳመጫ ፍሬው ይወጣለታል፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዚያ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል። ዛሬ ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ሲሆን የእጅ ፈትሉ ለማግ ይውላል። ሙቀቱ የሚገኘው ከዚህ ልል ማግና ከድርቡ ነው፤ በመካከላቸው አየር ይይዛሉ። ሸማኔው መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ስለሚያቀብል የጨርቁ ስፋት ከክንዱ ርቀት አያልፍም። ስለዚህ ሰፊው ጋቢ የሚገኘው ጠባቡን ጨርቅ በማጠፍና ጎን ለጎን በመስፋት ነው። ከዚያ በኋላ ለማንም ገላ ተለክቶ አይቆረጥም፤ አባትም ልጅም ያንኑ ይለብሱታል።

መተማ ራሷ ጥጥ አብቃይ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቡናና ሰም ከደጋ ወደ ገበያዋ ሲወርዱ፣ ጥጥ ደግሞ ከቆላው ወደ ደጋ ሸማኔዎች ይወጣ ነበር። በሰሊጥ ማሳ ዳር ተጣጥፎ የሚታየው ጋቢ እንግዲህ ለአካባቢው ባዳ አይደለም።

እንዲህ ያለ ያልተቆረጠ ልብስ የኛ ብቻ አይደለም። ከመተማ ዮሐንስ ድንበሩን ተሻግረው ገላባት ሲገቡ የሱዳን ሴቶች ቶብ ይታያል፤ ወደ 4 ሜትር ተኩል የሚረዝም አንድ ጨርቅ ነው። የሕንድ ሴቶች ሳሪ ከ5 እስከ 6 ሜትር ግድም ይሄዳል፣ የወንዶቹ ዶቲም ያው ያልተሰፋ ጨርቅ ነው። የሦስቱም አገሮች ልብሶች ለመንገደኛ የሚሰጡት ጥቅም አንድ ነው። ኮትና ሱሪ አንድ ሥራ ብቻ ያውቃሉ፤ ያልተቆረጠ ጨርቅ ግን እንደ አስተጣጠፉ ሥራው ይለወጣል።

የጎንደር መተማ መንገድ ይህን በአንድ ቀን ያሳያል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ መተማ ዮሐንስ ግን ከ800 ሜትር በታች ትገኛለች። ማለዳ አዘዞ ላይ ጋቢውን ደርቦ የተሳፈረ ሰው አይከል ድረስ አያወልቀውም። ገንዳውኃ ሲደርስ ጋቢው ታጥፎ መቀመጫ ሆኗል። ማሳ ላይ ፀሐይ ሲበረታ ይከናነቡታል፣ ሲያርፉ ይጎዘጉዙታል፣ ሌሊት እግር ከራስ ይሸፈኑበታል። ወደ አገር ሲመለሱ ደግሞ የተገዛውን ዕቃ ይቋጥሩበታል።

ይሁን እንጂ ጋቢ ለቆላ የሚጎድለው ነገር አለ። አራቱ ድርብ ዝናብ ከጠጣ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም፤ አረሙ የሚታረመው ደግሞ በክረምት ነው። ነጩ ጨርቅ የዋልካ ጭቃ ከነካው በቀላሉ አይለቅም። ነጠላ በአንጻሩ ሲታጠብ ወዲያው ይደርቃል፣ ከጋቢም ያነሰ ቦታ ይይዛል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ጊዜ፣ ለሚወርድ ሰው ነጠላ ይበቃዋል። በክረምት ለሚወርድ ደግሞ ነጠላ ከአንድ የላስቲክ ሸራ ጋር ከጋቢ ይሻላል። ጋቢን መያዝ የሚያዋጣው መንገዱ በደጋ የሚያሳድር ከሆነ ወይም በአጨዳው ማብቂያ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው።

ጨርቅ የማይመልሰው አንድ አደጋ ግን አለ። በቆላው ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ ታንሳለች፤ በዋልካው ስንጥቅ ትደበቃለች፣ ማታ ወጥታ ትነክሳለች። ተኝቶ የተከናነበ ሰው ሙቀቱ ሲያስጨንቀው ጋቢውን ገፎ ይጥለዋል፤ ዝንቧም የምታገኘው ያን ጊዜ ነው። በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ካላዛር ሲነሳ፣ በሽታው ከመተማና ከሁመራ በተመለሱ ሠራተኞች ሳይመጣ እንዳልቀረ ተገምቷል። በዚያ አካባቢ የተካሄደ ጥናት ቀን ከግራር ሥር መተኛትና ሌሊት ደጅ ማደር ለበሽታው እንደሚያጋልጡ አመልክቷል። ከቤት በራቀ ማሳ ዛፉ እንደ ቤት ስለሚታይ ከሥሩ አለመተኛት ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም ከዛፉ ፈቀቅ ማለት ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለዚህ ጓዙን ለማቅለል ያሰበ የቆላ ወራጅ ከጋቢና ከነጠላ አንዱን መርጦ ሌላውን ቤቱ ይተው። በተረፈው ቦታ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይያዝ፤ ታጥፎ ከነጠላ እምብዛም አይበልጥም። ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት ከሰነበተበት፣ ከከሳ ወይም ሆዱ ካበጠ ደግሞ መተማ ሠርቶ መምጣቱን ለሐኪሙ ቀድሞ ይንገር።