ሞፈሩ ከተሰቀለ በኋላ፦ እንቅስቃሴና የአረጋውያን ድብርት ከፎገራ ሜዳ ሲታይ

በጉማራ ወንዝ ዳር ወዳለው የወንዛዬ ፍል ውሃ ስንቃቸውን ቋጥረው ከሚሄዱት መካከል ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ምን እንዳመማቸው ሲጠየቁ ቁርጥማታቸውን፣ ወገባቸውንና ጉልበታቸውን ያነሳሉ። ከተከዙ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው የሚናገር የለም፤ የሚጠይቅም የለም። ጥቂት ቀን ይሰነብታሉ፣ ገላቸውን በሙቁ ውሃ ያፍታታሉ፣ በመሀሉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከሌላ ቀበሌ ከመጣ ሰው ጋር ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ያወጋሉ። ሲመለሱ «ቀለል ብሎኛል» ይላሉ። ሙቀት የደረቀ መገጣጠሚያን እንደሚያላላ የታወቀ ነው። ግን ከቤት መውጣቱስ? መንገዱን መሄዱስ? ወጉስ?

በዓለም ላይ ስለ እንቅስቃሴና ስለ አረጋውያን ድብርት የተሠራው ጥናት ዞሮ ዞሮ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ግምት ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ከሆኑ ሰዎች 5.7 በመቶ ያህሉ በድብርት እንደሚጠቁ ያሳያል። ይህም በጠቅላላው የአዋቂዎች ቁጥር ከሚታየው በመጠኑ ከፍ ይላል። ቁጥሩ የማይነግረን ነገር፣ የሽማግሌና የባልቴት ድብርት ብዙውን ጊዜ ድብርት እንደማይመስል ነው። «አዝኛለሁ» ብሎ የሚመጣ ጥቂት ነው። እንቅልፍ ይሸሻል፣ እህል ይጠላል፣ ጀርባ ይወጋል፣ ነገር ይረሳል። ቤተሰብ «እርጅና ነው» ይላል፤ ባለሙያውም አንዳንዴ ከቤተሰቡ ጋር ይስማማል።

ጥናቱን ወደፊት ከገፉት ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ነው። ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ 156 ድብርት ያለባቸው ሰዎች በሦስት ተከፈሉ፦ ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት የሚወስዱ፣ በቡድን ሆነው የአካል እንቅስቃሴ የሚሠሩ፣ ሁለቱንም የሚያደርጉ። ከ16 ሳምንት በኋላ የሦስቱም ቡድን መሻሻል ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ ፈጠን ብሎ ሠርቷል፤ ከወራት በኋላ በተደረገው ክትትል ግን ከዳኑት መካከል ሕመሙ ያገረሸባቸው በእንቅስቃሴው ቡድን አነስ ብለው ታዩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በአውስትራሊያ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ 60 ሰዎች የተሳተፉበት የ8 ሳምንት የክብደት ማንሳት ሙከራ ወጣ። ከበድ ያለውን ካነሱት 61 በመቶ ያህሉ የሕመም ምልክታቸው ቢያንስ በግማሽ ቀነሰ። ቀላሉን ካነሱት 29 በመቶ፣ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት 21 በመቶ ነበሩ። ሽማግሌ ቀላል ነገር ብቻ ይሥራ የሚለውን የቆየ ርኅራኄ ይህ ውጤት አናግቶታል።

ከዚያ ወዲህ ጥናቶችን አሰባስበው የሚመዝኑ ትልልቅ ግምገማዎች መጡ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከ190 ሺህ በላይ ሰዎችን የተከታተሉ 15 ጥናቶችን ያጠቃለለው ግምገማ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ፈጠን ብሎ በእግር መሄድን የሚያክል እንቅስቃሴ ድብርት የመያዝን ዕድል በ25 በመቶ ዝቅ ከማለት ጋር አያይዞታል። የዚያ ግማሽ ብቻ የሚንቀሳቀሱትም 18 በመቶ ዝቅ ይልላቸዋል። ለአረጋውያን ትልቁ የምሥራች ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ከምንም ወደ ጥቂት በመሸጋገር ነውና። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው፣ 218 ሙከራዎችን ያቀፈ ሌላ ግምገማ የእግር ጉዞን ወይም ሶምሶማን፣ ዮጋንና ክብደት ማንሳትን በድብርት ሕክምና ከሚረዱት ግንባር ቀደም አድርጎ አስቀምጧቸዋል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያሻል። ድብርት ራሱ ሰውን ከአልጋ ያጣብቃል። ስለዚህ «የሚንቀሳቀስ ሰው ድብርት አይይዘውም» ከማለት በፊት «ድብርት የያዘው ሰው አይንቀሳቀስም» የሚለውን መመርመር ግድ ነው። ዕጣ አውጥተው ሰዎችን በቡድን የሚመድቡ ሙከራዎች አስፈላጊ የሆኑት ለዚህ ነው። ከእነዚህም ውስጥ ያልተሳካ አለ፤ እኔ ከተሳኩት ይልቅ ብዙ የተማርኩት ከእሱ ነው። በእንግሊዝ በ78 የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች ውስጥ 891 ነዋሪዎችን ይዞ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው ጥናት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ በፊዚዮቴራፒስት የሚመራ የቡድን እንቅስቃሴ ድብርታቸውን እንዳልቀነሰው አሳይቷል። ሰዎቹ በጣም ያረጁ፣ ብዙዎቹም የመርሳት ችግር ያለባቸው ነበሩ። ከቤት፣ ከሠፈርና ከሥራ የተነቀለ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ እጁን ስላነሳ ብቻ ሕይወቱ አይመለስለትም ብል ከጥናቱ ብዙ የራቅሁ አይመስለኝም።

እንቅስቃሴው በአካል ውስጥ ምን ይሠራል የሚለው በከፊል ይታወቃል። እንቅልፍን ያጠልቃል፣ ከድብርት ጋር የሚዛመደውን ሥር የሰደደ የሰውነት ብግነት ያረግባል፣ የደም ዝውውርን ያነቃቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን 40 ደቂቃ እየተራመዱ ዓመት የቆዩ አረጋውያን ሂፖካምፐስ የተባለው፣ ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል በ2 በመቶ ያህል ጨምሮ ተገኝቷል፤ በዕድሜ እየተኮማተረ የሚሄድ ክፍል ነው። ሌላው መንገድ ከአንጎል ፎቶ ይልቅ በዓይን ይታያል። የሚሄድ ሰው የሚደርስበት ቦታ አለው፤ ሲደርስ የሚጠብቀው ሰው አለ።

አሁን ወደ ፎገራ። ይህ ሁሉ ጥናት የተሠራው በአብዛኛው ቁጭ ብሎ በሚውል ከተሜ ላይ ነው። ከርብና ከጉማራ ወንዞች መካከል ተወልዶ ያረጀ ገበሬ ግን ስፖርት ይጀምር የሚባል ሰው አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ አርሷል፣ ከብት ተከትሏል፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጣናን ተንተርሶ የሚተኛውን ጎርፍ ተሻግሯል። ባለፉት አርባ ዓመታት ገደማ ሩዝ ሜዳውን ሲወርሰው ሥራው በዛ እንጂ አልቀነሰም። ሩዝ እጅ ይፈልጋል፤ አረሙ የሚነቀለው ጎንበስ ብሎ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲደርስ አጨዳው፣ ውቂያው፣ ማበጠሩ ይከተላል። ግጦሹ ወደ ሩዝ ማሳ ሲቀየር ስመ ጥሩው የፎገራ ከብትም ተመናመነ። ከከብት ጋር ቀስ እያለ የሚውለው፣ ለሽማግሌ የሚስማማው ሥራም አብሮ ቀነሰ። ይህን የመሰለ ለውጥ በድብርት ጥናት መጠይቅ ውስጥ ቦታ የለውም።

ተመራማሪዎች የሚያነሱት ሌላ ነጥብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሰው ወዶ በትርፍ ጊዜው የሚያደርገው እንቅስቃሴና ለእንጀራ ሲል የሚለፋው ልፋት በስሜት ላይ እኩል አይሠሩም። የመጀመሪያው ከደህና ስሜት ጋር ደጋግሞ ይያያዛል፤ የሁለተኛው ውጤት ደካማ ነው፣ አንዳንዴም ይገለበጣል። ስለዚህ የሰባ ዓመት እናት ጉልበቷ እያበጠ ሩዝ ስታርም መዋሏን ጤና ነው ብሎ ማድነቅ ስንፍና ነው። ሞፈሩን የሰቀለ አባትንም «አረፍክ» ማለት እንዲሁ። መሬቱን ለልጆቹ ያካፈለ ወይም ለእኩል የሰጠ ገበሬ ጡረታ የለውም፤ የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ሲሰናበት ቢያንስ የወር ጡረታ አበል ይዞ ይወጣል። ገበሬው በአንድ የመኸር ወቅት ሥራውን፣ ውሎውን፣ «ምን ይመስልሃል?» ብሎ የሚጠይቀውን ሰው በአንድ ላይ ሊያጣ ይችላል።

በኢትዮጵያ የተሠሩት የዳሰሳ ጥናቶች የሚያስደነግጥ ቁጥር ይሰጣሉ። አምቦ ከተማ ላይ እንዲሁም በምዕራብ ጎጃም ወምበርማ ወረዳ በተደረጉት፣ ከተጠየቁት አረጋውያን ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት የድብርት ምልክት እንዳለባቸው ተመዝግቧል። ከዓለም ጤና ድርጅቱ 5.7 በመቶ ጋር ሲተያይ ሰማይና ምድር ነው። የልዩነቱ አንዱ ምክንያት መለኪያው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራበት 15 ጥያቄ ያለው የአረጋውያን የድብርት መለኪያ ምልክት ይለቅማል እንጂ በሽታውን አያረጋግጥም። ከጥያቄዎቹ አንዱ ከሥራዎና ከሚወዱት ነገር ብዙውን ትተዋል ወይ ይላል፤ ሌላው ከመውጣት ቤት መዋል ይመርጣሉ ወይ ይላል። ሞፈሩን የሰቀለ ሰው ለመጀመሪያው «አዎ» ነው የሚለው። ነሐሴ ላይ ሜዳው ባሕር በሆነ ጊዜ የተጠየቀ ፎገሬም ለሁለተኛው «አዎ» ቢል ልቡ ተነክቷል ማለት አይደለም። ይህ ማለት ግን ችግሩ የለም ማለት አይደለም፤ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የትዳር ጓደኛ የሞተባቸው፣ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውና ደጋፊ የሌላቸው የበለጠ እንደሚጎዱ ጥናቶቹ ከሞላ ጎደል ይስማማሉ።

ሴቶች ላይ ነገሩ መልኩን ይቀይራል። ለእናቶች የሚሰቀል ሞፈር የለም፤ እህል መልቀሙ፣ ጥጥ መፍተሉ፣ የልጅ ልጅ ማዘሉ እስከ መጨረሻው ይቀጥላል። የሚያጎድላቸው መንቀሳቀስ ሳይሆን ከግቢ መውጣት ነው። ቡና መጠራራት ያልቀረባት ባልቴትና ምራቷ ቤት ማዕዘን ውስጥ እንዝርት የምታሾር ባልቴት የእጃቸው ሥራ አንድ ሆኖ ቀናቸው ለየቅል ነው።

ለሁለቱም ጾታ ከማንኛውም የስፖርት ፕሮግራም የቀደመው ግን ቤተ ክርስቲያን ነው። ሌሊት ተነስቶ ለኪዳን መገስገስ፣ ደጀ ሰላሙን መሳለም፣ መቋሚያ ተደግፎ ለሰዓታት መቆም፣ በዐቢይ ጾም መስገድ፤ ስግደትን ያህል መላ ጡንቻን የሚያሠራ ነገር ጂም ውስጥም እምብዛም አይገኝም። በዚህ ላይ ማኅበሩ፣ ሰንበቴውና ዕድሩ አሉ። አንድ አባት ከሰንበቴ መቅረት ሲጀምሩ የጉልበት ሕመም ነው ወይስ የመንፈስ ድካም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር የድብርት ምርመራው ግማሹ እዚያው ደጀ ሰላም ላይ ያልቅ ነበር። ከተማው በበኩሉ የራሱን መንገድ ጀምሯል፤ አዲስ አበባ ላይ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አንዳንድ ጎዳናዎች በእሑድ ለተሽከርካሪ ተዘግተው ሰው ሲንቀሳቀስባቸው ታይቷል። የፎገራዋ ወረታ ከተማ ላይ ግን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው ከባድ መኪናና ባጃጁ ለሽማግሌ እግር ቦታ አይተውም።

ሕክምናውስ? በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ለረጅም ጊዜ አዲስ አበባ በሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ዙሪያ የተወሰነ ነበር። ቡታጅራና በኋላም ሶዶ ወረዳ ላይ የተሠሩት የአእምሮ ጤና ጥናቶች አገልግሎቱ ጤና ጣቢያ ድረስ ሊወርድ እንደሚችል አሳይተዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት የሚሄዱ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሥራቸው ግን በአብዛኛው በእናቶችና በሕፃናት ላይ ያተኮረ ስለሆነ ሽማግሌው ጥጉ ላይ ተቀምጦ ያልፉታል። የሌላ አገር ልምድ ሰፋ ያለ መንገድ ያሳያል። ሕንድ ጎዋ ላይ ሐኪም ያልሆኑ የሠለጠኑ ሰዎች ከ60 ዓመት በላይ የሆኑና የድብርት ስጋት ያለባቸውን 181 ሰዎች ይዘው ባደረጉት ሙከራ፣ ችግርን በጋራ መፍታትና እንቅልፍን ማስተካከል ወደ ድብርት የሚገቡትን ቁጥር ቀንሷል። ዚምባብዌ ላይ ደግሞ አያቶች ራሳቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሌላውን ሰው ጭንቀት ያዳምጣሉ፤ እዚያ አረጋዊቷ ታካሚ ሳትሆን አካሚ ናት። በሽምግልና ለኖረ አገር ይህ የሚከብድ አይመስለኝም።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ያለው ግጭት ደግሞ ሁሉንም አወሳስቦታል። መንገድ ሲዘጋ ገበያው ይቀራል፣ ለቅሶ መድረስ ይቀራል፣ መድኃኒት ፍለጋ ሆስፒታል መሄድም ይቀራል። በዚህ ወቅት ለአንድ አባት «በሳምንት 150 ደቂቃ ይራመዱ» ማለት ቀልድ ሊመስል ይችላል። ግቢ ውስጥ የሚሠራ ነገር ግን አለ፦ ከዱካ ላይ እጅ ሳይደገፉ ደጋግሞ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር መቆም፣ በሁለት እጅ ውሃ የያዘ ጀሪካን ማንሳት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያን በሳምንት ሦስት ቀን ሚዛን የሚያስጠብቅና ጉልበት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ የሚመክረው መውደቅንም ስለሚከላከል ነው። ደረታቸውን የሚወጋቸው፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ወይም ራሳቸውን የሚያዞራቸው ግን መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው።

ልጆችና ምራቶች፣ አባታችሁን ከሥራ ስታሳርፉ ሥራውን ሁሉ አትውሰዱባቸው፤ ጥጃውን፣ የጓሮውን ጎመን፣ የመስኖውን ቦይ ተዉላቸው፤ ከመሸጥ ከመለወጣችሁም በፊት አማክሯቸው። ከሁለት ሳምንት በላይ እህል ከጠሉ፣ እንቅልፍ ካጡ፣ ይወዱት የነበረውን ነገር ከተዉ ወይም «ምነው በሞትኩ» ማለት ካበዙ ደግሞ መራመድም፣ ፍል ውሃም ብቻውን አይበቃም፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።