ደጋ የወጣ ባሕር

ያገለገለ የባሕር ዓሣ አኳሪየም ጎንደር አካባቢ ከቤት ወደ ቤት ሲጓጓዝ ተሸካሚዎቹ ለመስታወቱ ይጨነቃሉ፤ ባለቤቱ ለዓሦቹ። ዋናው ዕቃ ግን የማንም ዓይን አያርፍበትም። በድንጋዮቹ ቀዳዳና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባክቴሪያ መንጋ ነው። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያስወጣል፤ ተርፎ የሚበሰብስ ምግብም ያንኑ ይጨምራል። አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው። አንዱ የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳ ናይትሬት ይለውጠዋል። ይህ መንጋ አዲስ አኳሪየም ውስጥ ተራብቶ ለሥራ እስኪበቃ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ያገለገለው ከአዲሱ የሚሻለው በዚህ ብቻ ነው፤ ጭነቱ ላይ ቀድሞ የሚሞተውም ይኸው ነው።

ባሕርን ከጎንደር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ አይጠፋም። የባሕር ዓሣን ከባሕር አርቆ በመስታወት የማኖሩ ሙከራ ቆየት ያለ ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆነው የመጀመሪያው የዓሣ ቤት በለንደን የእንስሳት ፓርክ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1853 ነው፤ ደጃች ካሣ ኃይሉ ራስ ዓሊን አይሻል ላይ ድል የነሡበት ዓመት መሆኑ ነው። በማግስቱ ዓመት እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፊሊፕ ጎስ ልዩ ልዩ ጨዎችን ቀምሞ ቤቱ ውስጥ የባሕር ውሃ ሠራ። ዛሬም ደጋ ላይ የሚያስፈልገው ቅመማው ነው፤ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው። ታዲያ የአፋር ጨው ምን ሊሆን? አሞሌን ገንዘብ አድርጎ ሲገበያይ ለኖረ አገር ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የዳናክል ጨውም በእርግጥ የቀይ ባሕር ቅሪት ነው። ነገር ግን የባሕር ውሃ ሲተን በውስጡ ያሉት ጨዎች በአንድ ላይ አይረጉም። ጂፕሰሙ ይቀድማል፣ የገበታ ጨው ይከተላል፣ ማግኒዚየሙና ፖታሲየሙ በተረፈው ውሃ ውስጥ እስከ መጨረሻው ይቆያሉ። ተቆርጦ የሚመጣው አሞሌ ከሞላ ጎደል የገበታ ጨው ብቻ ስለሆነ በባሕር ውሃ ካለው ጨው አምስት አንዱ ያህል ይጎድለዋል። ለወጥ ይበቃል፤ ለኮራል አይበቃም።

ከጨው የከፋው ጣጣ አየሩ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ እምብዛም አያልፍም። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ ጠረፉ ላይ በሊትር እስከ 6.7 ሚሊግራም ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ የሚይዘው 5 ገደማ ነው፤ ደባርቅ ላይ ከዚያም ያንሳል። «የጣና ቀረሶ በባልዲ ውሃ ስንት ሰዓት ይቆይ የለ?» የሚል ክርክር እዚህ ላይ አይሠራም። ቀረሶ ኦክስጅን ባነሰው ውሃ መቆየት የሚችል ብርቱ ዓሣ ነው፤ ጨው የሌለበት ውሃም ከጨዋማው የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል። የባሕሩ ዓሣ ግን ሁለቱም ዕድል የለውም፤ ከባክቴሪያዎቹ ጋርም ያችኑ ትንሽ ኦክስጅን ይሻማል። ክዳኑ ተዘግቶ፣ ውሃው መዞሩን አቁሞ በኤፍኤስአር የጭነት መኪና የተጫነ ማጣሪያ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ታፍኖ መሽተት የሚጀምረውም ለዚህ ነው። ስፖንጁና ድንጋዩ ከማጣሪያውና ከአኳሪየሙ ወጥተው፣ አፈ ሰፊ ባልዲ ውስጥ በአሮጌው ውሃ ተነክረው፣ በባትሪ በሚሠራ የአየር ፓምፕ ቢጓዙ ይሻላል።

ዓሦቹ የሚጫኑት ሲሶው ውሃ፣ ቀሪው ኦክስጅን በሆነ ላስቲክ ነው። ከአዲስ አበባ በጎጃም የሚመጣ ጭነት ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ላስቲኩ የዓባይ በረሃ ውስጥ ይኮማተራል፣ ውሃውም ይሞቃል፤ ሽቅብ ሲወጣ መልሶ ይነፋል። የፎም ሣጥን ሙቀቱን ይገታል። አደገኛው ሰዓት ግን መድረሻው ነው። በጉዞው ላይ የዓሦቹ ትንፋሽ ውሃውን ስላኮመጠጠው የተጠራቀመው አሞኒያ እምብዛም አይመርዝም ነበር፤ ላስቲኩ ሲፈታ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል፣ አሞኒያውም መርዝነቱ ይመለሳል። ላስቲኩን ፈትቶ ሰዓታት ሙሉ ‹ይልመድ› ማለት የዋህነት ነው። መጀመሪያ እንደታሰረ ሙቀቱን ማስተካከል፣ ከተፈታ በኋላ ግን ዓሣውን ቶሎ ማውጣት ያስፈልጋል።

አዲሱ ቤት እስኪደርስ ዓሦቹንና ድንጋዩን በርሜል ውስጥ ማቆየትም ይቻላል፤ ማሞቂያና ውሃ የሚያዞር ፓምፕ እስካለ ድረስ። የደባርቅና የዳባት ሌሊት በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ስለሚጥል ማሞቂያው ቅንጦት አይደለም፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በርሜሉን በብርድ ልብስ መጠቅለል ጊዜ ይገዛል። ድንጋዩን በክሎሪን በታከመ የቧንቧ ውሃ ማጠብ መንጋውን ይፈጃል። አሮጌው አሸዋ ግን ባይመለስ ይመረጣል፤ ሥሩ ሲናጥ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ውሃውን ሁሉ በጀሪካን ቀድቶ ማጓጓዝ አለብን የሚሉ አሉ፤ ጨዉ ከውጭ የሚመጣና ውድ ስለሆነ ስስታቸው ይገባኛል። ሆኖም ባክቴሪያው በአብዛኛው የሚኖረው ከድንጋዩና ከስፖንጁ ላይ እንጂ ከውሃው ውስጥ አይደለም። ሁለት መቶ ሊትር የባሕር ውሃ 205 ኪሎ ይመዝናል፤ አዲስ ለመቀመም የሚያስፈልገው ጨው 7 ኪሎ ነው። ዓሦቹንና ድንጋዩን የሚሸፍን ያህል ማምጣት ይበቃል። በርሜሉ ውስጥ ዓሣ ከሌለ በየጥቂት ቀኑ ቁንጥር ምግብ ይጣልበታል፤ አሞኒያ ያጣ ባክቴሪያ ይርበዋልና።

ቆይታው ከወር የሚያልፍ ከሆነ፣ መብራቱም የማያስተማምን ከሆነ፣ ዓሦቹን ለሌላ ባለ አኳሪየም ሰጥቶ፣ ድንጋዩን አድርቆ እንደ አዲስ መጀመር ነው የሚያዋጣው። የደረቀው ድንጋይ እንደገና ሲነከር በውስጡ የሞተው ሁሉ ስለሚበሰብስ አሞኒያው ተለክቶ ዜሮ እስኪወርድ ድረስ ዓሣ አይገባበትም።