ዓመትና ውጤት፦ የመንግሥት ሠራተኛው ጭማሪ በምን ይለካ?

የ1438 ዓመተ ሒጅራ የሙሐረም ወር ሲብት፣ በሳዑዲ ዓረቢያ የመንግሥት ሠራተኞች ለረጅም ዘመን የለመዱት አንድ ነገር ሳይመጣ ቀረ። በየዓመቱ መግቢያ ደመወዛቸው አንድ እርከን ከፍ ይል ነበር። ይህ ጭማሪ ለተለየ ሥራ የሚሰጥ ሽልማት አልነበረም፤ ሠራተኛው ዓመቱን በሥራ ገበታው ላይ ማሳለፉ በቂ ነበር። የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 2016 ባሳለፈው ውሳኔ ግን የዚያ ዓመት ጭማሪ እንዳይከፈል ተደረገ። በዚያው ውሳኔ የሚኒስትሮች ደመወዝ በ20 በመቶ፣ የሹራ ምክር ቤት አባላት የቤትና የመኪና አበል ደግሞ በ15 በመቶ ተቀነሰ። በደቡብ ድንበር የተሰለፉ ወታደሮች ብቻ ከውሳኔው ውጭ ሆኑ።

ምክንያቱ የታወቀ ነበር። በ2014 አጋማሽ ከ100 ዶላር በላይ የነበረው የአንድ በርሜል ነዳጅ ዋጋ በ2016 መጀመሪያ ከ30 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። በ2015 ከመንግሥት ወጪ 45 በመቶ ያህሉን የወሰዱት ደመወዝና አበል ነበሩ፤ ሥራ ላይ ካሉት የአገሪቱ ዜጎች ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ ደግሞ ደመወዛቸውን የሚቀበሉት ከመንግሥት ነበር። እንዲህ ባለ አገር ዓመታዊ ጭማሪ የግምጃ ቤት ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርትና የባንክ ብድር በእርሱ ላይ ተመሥርተው ይታቀዳሉ።

በዚያው ሰሞን ብዙም ያልተወራለት ሌላ ለውጥ ተደረገ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2016 ጀምሮ ደመወዝ በሒጅራ አቆጣጠር መከፈሉ ቀርቶ በጎርጎርዮሳዊው ሆነ። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀናት ገደማ ያጥራል። ስለዚህ ቀድሞ በ354 ቀናት ውስጥ 12 ደመወዝ ይቀበል የነበረው ሠራተኛ፣ ከዚያ በኋላ ለዚያው 12 ደመወዝ 365 ቀናት መሥራት ነበረበት። የደመወዙ ቁጥር አልተነካም፤ የተነካው ዓመቱ ነው። አገልግሎቱን በዓመት ለሚቆጥር ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ሰባት ወር ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 2017፣ ንጉሥ ሰልማን ባወጡት ድንጋጌ ተቋርጠው የነበሩት አበሎችና ጥቅማ ጥቅሞች ለሲቪሉም ለወታደሩም ተመለሱ። በግንባር ላሉት ወታደሮች የሁለት ወር መነሻ ደመወዝ ተጨመረላቸው። በቀጣዩ ዓመት ጃኑዋሪ የተጨማሪ እሴት ታክስ በ5 በመቶ ሲጀመር ለመንግሥት ሠራተኛው በወር 1,000 ሪያል የኑሮ ድጎማ ተፈቀደ። ይህ ድጎማ እስከ 2020 አጋማሽ ዘልቆ ቆመ፤ ታክሱም በዚያው ዓመት ጁላይ ወደ 15 በመቶ ከፍ አለ። ድጎማው እንደ ሁኔታው ተሰጠ፣ እንደ ሁኔታውም ተነሣ። የአገልግሎት ጭማሪ ግን በሠራተኛው ልቡና የተለየ ቦታ አለው፤ እርሱን እንደ ስጦታ ሳይሆን እንደ ተቆጠረ ዕዳ ያየዋል።

ልዩነቱ የሚመነጨው ከመለኪያው ነው። ዓመትን ማንም ሰው በጣቱ ሊቆጥረው ይችላል፤ አለቃም ሆነ ዘመድ ሊጨምርለት ወይም ሊቀንስበት አይችልም። የሥራ ውጤት ግን በሌላ ሰው ብዕር የሚጻፍ ነው። ለውጤት የሚከፈል ማበረታቻ ለትጉሁ ሠራተኛ ፍትሕ መሆኑ አያከራክርም፤ ዐሥር ዓመት ያንቀላፋና ዐሥር ዓመት የተጋ እኩል እርከን ላይ ቆመው ሲታዩ ቅር የማይለው ሰው የለም። ይሁንና ብዕሩን የያዘው ሰው ካልታመነ ሠራተኛው ወደ ዓመቱ ይሸሻል።

ክርክሩ ለዚህ አካባቢ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው ኸሊፋ አቡ በክር (ረ.ዐ) ወደ መዲና የገባውን ገንዘብ ለሰዉ እኩል አከፋፈሉ። ቀድመው የሰለሙ ሰዎች ብልጫ እንዲሰጣቸው ሲጠየቁ፣ የቀዳሚነት ምንዳ አላህ ዘንድ መሆኑን፣ ይህ ግን የዕለት መተዳደሪያ ስለሆነ እኩልነት እንደሚሻል መለሱ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) የተለየ አቋም ያዙ። የአላህን መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) የተዋጋና ከእርሳቸው ጎን ሆኖ የተዋጋ እኩል ሊከፈላቸው አይገባም አሉ። ዲዋን የተባለውን መዝገብ አቋቁመውም ዓመታዊ ድርሻን በቀዳሚነትና በተጋድሎ ደረጃ መደቡ። በበድር ለተሰለፉት የተወሰነው 5,000 ድርሃም እንደነበር በሶሒሕ አል ቡኻሪ ተዘግቧል።

በዚያው መጽሐፍ ከተዘገቡት ውስጥ ለዛሬ የደመወዝ መሥሪያ ቤቶችም የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ዑመር ለቀደምት ስደተኞች 4,000 ሲመድቡ ለገዛ ልጃቸው ለዐብዱላህ 3,500 ብቻ ጻፉ። እርሱም ከስደተኞቹ አንዱ ሆኖ ሳለ ለምን እንደተቀነሰበት ተጠየቁ። መልሳቸው ልጁ ወላጆቹ ይዘውት የተሰደደ በመሆኑ በራሱ ፈቃድና ውሳኔ ከተሰደደው ሰው ጋር እንደማይተካከል የሚገልጽ ነበር። ዘመኑ አንድ ነው፤ በዘመኑ ውስጥ የተሠራው ግን አንድ አይደለም። ዓመትንና ሥራን በአንድ ሚዛን ለማስቀመጥ የተደረገው ይህ ጥረት ተቀባይነት ያገኘበት ዋና ምክንያት፣ መዛኙ ቅነሳውን ከገዛ ቤቱ መጀመሩ ይመስላል። አቡ ዩሱፍ ለኸሊፋ ሃሩን አር ረሺድ በጻፉት “ኪታቡል ኸራጅ” እንደሚገኘው፣ ዑመር በዕድሜያቸው መጨረሻ ሰዉን ሁሉ እኩል የማድረግ ሐሳብ ነበራቸው። ዕድሜ ግን አልሰጣቸውም።

ሁለቱን መለኪያዎች ለማጣመር በዘመናችን ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ የሳዑዲ መምህራንን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ላይ በዋለው የትምህርት ሠራተኞች ደንብ መምህራን ሙያውን የሚሠራ፣ የላቀና ባለሙያ በሚሉ ማዕረጎች ተመደቡ። ዓመታዊ ጭማሪውም ከሙያ ፈቃድ ጋር ተያያዘ። ፈቃዱ የሚገኘው በፈተና ነው፤ ፈተናውን የሚያዘጋጀው ደግሞ የመምህሩ አለቃ ሳይሆን የትምህርትና ሥልጠና ግምገማ ኮሚሽን ነው። ብዕሩ ከርእሰ መምህሩ እጅ ወጥቶ ከሩቅ ላለ ተቋም መሰጠቱ ቂምንና ወገንተኝነትን ይቀንሳል። ሆኖም ለሃያ ዓመት ጠመኔ የያዘ መምህር በአንድ ቀን ፈተና መለካቱ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ ፈተና የሚያውቀውን ይነግራል፣ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን ከሩቅ አያይም።

ከዚህ አካባቢ ርቆ የሚገኘው የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥትም ከዚሁ ችግር አላመለጠም። ዋናው የደመወዝ ሠንጠረዥ በእያንዳንዱ ደረጃ ዐሥር እርከኖች አሉት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጭማሪዎች በየዓመቱ፣ ቀጣዮቹ ሦስት በየሁለት ዓመቱ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት በየሦስት ዓመቱ ይሰጣሉ፤ ከአንደኛው እርከን ተነሥቶ ዐሥረኛው ላይ ለመድረስ 18 ዓመት ይፈጃል። ሕጉ በየእርከኑ ተቀባይነት ያለው የሥራ ውጤት እንዲኖር ይጠይቃል። ነገር ግን የአገሪቱ የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ የ2013ን ምዘና ሲመረምር፣ ከቋሚ ሠራተኞቹ 99 በመቶው ብቁ ወይም ከዚያ በላይ የሚል ውጤት ማግኘታቸውን አረጋገጠ። ሁሉም ሰው ካለፈ ምዘናው ስሙ የውጤት፣ ግብሩ የዓመት ይሆናል። አለቆች ጨካኝ ላለመባል፣ ከሥራ ባልደረባ ጋር ላለመቀያየም፣ ወረቀቱንም ቶሎ ለመጨረስ ሲሉ ነጥቡን ይለግሳሉ። በአዲስ አበባ ቢሮዎች የስድስት ወር የሥራ አፈጻጸም ቅጽ የሞላ ሰው ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልገውም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚሠራው ኢትዮጵያዊ ነገሩ በሌላ መልክ ይደርሰዋል። እርሱ የመንግሥት ሠራተኛ ባይሆንም ዓመቱ ግን ይቆጠርለታል። በሳዑዲ የሥራ ሕግ በድርጅት የሚሠራ ሰው ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለእያንዳንዱ የግማሽ ወር፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ አለው። የቤት ሠራተኞች ግን በሌላ ደንብ ይተዳደራሉ፤ በአንድ አሠሪ ዘንድ አራት ተከታታይ ዓመት ላገለገለች ሴት የሚታሰብላት የአንድ ወር ደመወዝ ነው። በሦስት ዓመት ከመንፈቅ አሠሪ የቀየረች እኅት ቆጠራውን እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። ድካሟ አልተቋረጠም፤ የተቋረጠው ተከታታይ የሚለው ቃል ነው።

በአገር ቤት ጉዳዩ ባለፉት ሁለት ዓመታት ጎልቶ ወጥቷል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ተግባራዊ በሆነው የደመወዝ ማሻሻያ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ሲያድግ፣ ከፍተኛው ከ20,468 ብር ወደ 21,492 ብር ብቻ ከፍ አለ። ከታች ላለው ከአራት እጥፍ በላይ፣ ከላይ ላለው 5 በመቶ ማለት ነው። የዋጋ ንረቱ ክፉኛ የጎዳው ዝቅተኛ ተከፋዩን ስለነበር የውሳኔው ርኅራኄ ግልጽ ነው። የአቡ በክርን ሐሳብ ያስታውሳል፤ እንጀራ ላይ እኩልነት ይሻላል። ዋጋውን የከፈለው ግን በየእርከኑ ሲወጣ የኖረው ነባር ሠራተኛ ነው። በዝቅተኛውና በከፍተኛው ደመወዝ መካከል የነበረው ርቀት ከ18 እጥፍ በላይ ወደ አራት እጥፍ ተኩል ወረደ፤ በዓመታት የተወጣው ደረጃ በአንድ ሠንጠረዥ ተጨፈለቀ።

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው ሁለተኛ ማሻሻያ ዝቅተኛው 6,000፣ ከፍተኛው 39,000 ብር ሆነ። ርቀቱም ወደ ስድስት እጥፍ ተኩል ተመለሰ። የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ አዲስ የሚቀጠር ወጣት መነሻ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ለወጣቱ ይህ መልካም ዜና ነው፤ ከእርሱ ጎን ለተቀመጠው የሃያ ዓመት ባለሙያ ደግሞ በሁለቱ መካከል ስንት እርከን እንደቀረ የሚያስቆጥር ነው።

ለጡረታ የተቃረበው ሠራተኛ የሚቆጥረው ሌላ ነገር አለው። በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ ዐሥር ዓመት ያገለገለ ሰው ከአማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ያገለገለ ሰው ድርሻ 61.25 በመቶ ይሆናል ማለት ነው። አማካዩ የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዝ በመሆኑ፣ በ2018 ጡረታ የሚወጣ ሰው በሒሳቡ ውስጥ ከሁለቱ ማሻሻያዎች በፊት የነበሩትን ዝቅተኛ ወራትም ይዞ ይወጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ ስድሳ የሚሞላው የሥራ ባልደረባው ግን እነዚያ ወራት አይደርሱበትም። በአንድ ቢሮ፣ በአንድ ደረጃ፣ ለእኩል ዘመን የሠሩ ሁለት ሰዎች እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ የተለያየ ጡረታ ይቀበላሉ፤ ልዩነቱን ያመጣው የሥራ ውጤታቸው አይደለም፣ የአገልግሎት ዘመናቸውም አይደለም፣ የተወለዱበት ዓመት ነው።