የዳኛው ትርፍ፦ ቅቤና አይብ ቀምሶ መዳኘት ለአጥቢያ የልማት ሥራ የሚሰጠው ጥቅም

ልበ አምላክ ዳዊት ገና እረኛ ሳለ አባቱ እሴይ ወደ ጦር ሰፈር ሲልከው ለሻለቃው የሚሰጥ አሥር አይብ እንዳስያዘው በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 እናነባለን። ለሹም የሚላክ ስጦታ ተመርጦ እንደሚላክ የታወቀ ነው። መምረጥ ደግሞ ክፉውን ከደጉ የሚለይ ዐይን፣ አፍንጫና ምላስ ይጠይቃል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ የመለየት ሙያ ነው።

በአርሲ ዞን በሎዴ ሄጦሳ ወረዳ በምትገኘው በሁሩታና በአካባቢዋ የወተት ላም ለብዙ ምእመናን የኑሮ ድጋፍ ነው። ለዚህ መሠረት ከጣሉት አንዱ፣ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ተቋቁሞ መቀመጫውን በአሰላ ያደረገውና ካዱ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት ነበር። ድርጅቱ በ1960ዎቹ የአካባቢውን ላሞች ከፍሪዥያን ዝርያ ጋር በማዳቀል የወተት ምርት እንዲጨምር ሠርቷል። ከዚያ ወዲህም ስለ ዝርያ፣ ስለ መኖና ስለ ሕክምና ብዙ ሥልጠና ተሰጥቷል። የተመረተውን መርምሮ ጥራቱን የመመስከር ሙያ ግን እምብዛም አልተማርነውም።

ይህን ጉድለት የተረዳነው በራሳችን ላይ በደረሰ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሁሩታ አቅራቢያ በተዘጋጀ አነስተኛ የምርት ማሳያ ላይ ቅቤና አይብ እንድንዳኝ ተጋብዘን ነበር። ቀመስን፤ ተመካከርን፤ አንደኛ የወጣችውን ጠርተን ሸለምን። ሰው ሲበተን አንዲት እናት የቅቤ ዕቃቸውን እንደ ያዙ ቀርበው፣ «ልጆቼ፣ የእኔ ቅቤ ምን ጎደለው? እንዳስተካክለው ንገሩኝ» አሉን። የሰጠናቸው መልስ «የሌላዋ ይበልጥ ጣፈጠን» የሚል ብቻ ነበር። እርሳቸውም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ሄዱ። እኛ ግን ምክንያቱን መግለጽ ሳንችል በሰው ድካም ላይ እንደ ፈረድን ገባን። በመንገድ ላይ ስንጨዋወትም ከዳኞቹ አንዳንዶቻችን የባለቤቶቹን ማንነት አስቀድመን እናውቅ እንደ ነበር ተረዳን።

ከዚያ በኋላ የወተት ባለሙያ ጠይቀን የዳኝነትን ሥርዓት ተማርን። ሥርዓቱ ከባድ አይደለም። ናሙናዎቹ በአንድ ዓይነት ዕቃ ይቀርባሉ፤ በስም ፈንታ ቁጥር ይለጠፍባቸዋል፤ የቁጥሩን ምስጢር ከዳኞች ውጭ የሆነ አንድ ሰው ይይዛል። ዳኛው አስቀድሞ በዐይኑ መልኩን፣ ቀጥሎ በአፍንጫው ሽታውን፣ ከዚያ በጣቱ ልስላሴውን፣ በመጨረሻም በምላሱ ጣዕሙን ይመረምራል። በናሙናና በናሙና መካከል በውኃና በዳቦ አፉን ያጠራል። ነጥቡን ጽፎ እስኪያስረክብ ድረስ ከጎኑ ካለው ዳኛ ጋር አይነጋገርም። ከሁሉም በላይ ነጥብ በቀነሰበት ቦታ ሁሉ የቀነሰበትን ምክንያት ይጽፋል።

ዳኛው ለራሱ የሚያተርፈው ከዚህ ከመጨረሻው ግዴታ ነው። ትርፉንም በአራት ከፍለን እናያለን።

አንደኛው፣ ጉድለትን በስሙ መጥራት ነው። ገበያው ቅቤን ለጋ፣ መካከለኛና በሳል ብሎ ይለያል። ዳኛ ግን ከዚህ አልፎ የኮመጠጠውን፣ የመረረውን፣ የከረፋውን፣ የላስቲክ ሽታ ያለውንና ጭስ የበዛበትን ለይቶ መናገር አለበት። በቤቱ አንድ ዓይነት ቅቤ ብቻ የሚቀምስ ሰው የራሱን ጉድለት ስለ ለመደው አይሰማውም። በአንድ ጠዋት የብዙ ቤቶችን ሥራ ጎን ለጎን የቀመሰ ግን ልዩነቱን አይስተውም።

ሁለተኛው፣ ከጉድለቱ ወደ መነሻው መድረስ ነው። ቅቤ ቶሎ የሚበላሽበት አንዱ ምክንያት ከተናጠ በኋላ አሬራው በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ በሚገባ አለመውጣቱ ነው። ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ መታጠብ ይኖርበታል። እርጎው ሞቅ ባለ ሰዓት ከተናጠ ቅቤው ይልማል፤ ከቅባቱም ብዙው በአሬራው ውስጥ ይቀራል። አይብ አሬራው ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ በደኅና ይረጋል፤ ከዚያ አልፎ ብዙ ከቆየ ግን የመቃጠል ጣዕም ያመጣል። የወተት ዕቃን በወይራ ማጠን መልካም ልማድ ነው፤ ሲበዛ ግን የወተቱን ጣዕም ይሸፍነዋል። ወተት በፕላስቲክ ጀሪካን ሲያዝ፣ ዕቃው ጠርቶ ለመታጠብ ስለማይመች የትናንቱ ሽታ ለዛሬው ይተርፋል። ሽታው ጠንካራ የሆነ መኖ ከመታለቧ በፊት የተሰጣት ላምም የመኖውን ጠረን በወተቷ ታሳያለች፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው መኖ ከታለበች በኋላ ቢሰጣት ይመረጣል። እነዚህን ያወቀ ዳኛ ወደ ቤቱ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመረምረው የራሱን መናጫ ነው።

ሦስተኛው፣ መተዋወቅና መታመን ነው። በዳኞች ገበታ ዙሪያ የወተት አሰባሳቢ፣ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ፣ ነጋዴና አምራች አብረው ይቀመጣሉ። ቅቤን ከባዕድ ነገር ጋር ቀላቅሎ መሸጥ ገዢውን ባስጨነቀበት በዚህ ዘመን፣ ጥራትን በትክክል በመመስከር የታወቀ ሰው ያለበት ማኅበር በአዳማም ሆነ በአሰላ ገበያ ደንበኛ አያጣም።

አራተኛው ለእኛ ለአገልጋዮች ይበልጥ የሚመለከተን ነው፤ ይኸውም ፊት አይቶ ከማድላት መራቅ ነው። ስም በሌለበት ናሙና ላይ ነጥብ የሰጠ ሰው፣ ቁጥሩ ተፈትቶ የወዳጁን ሥራ ዝቅ፣ የማያውቀውን ሰው ሥራ ከፍ አድርጎ እንደ ሰጠ ሲያይ ራሱን ይመረምራል።

ይህ ሙያ በሌላው ዓለም ትልቅ ቦታ አለው። በአሜሪካ የኮሌጅ ተማሪዎች የወተት ተዋጽኦን በመዳኘት የሚፎካከሩበት ውድድር ከተጀመረ እ.ኤ.አ. ከ1916 አንሥቶ መቶ ዓመት አልፎታል። በዚያ የሚሸለመው ቅቤው ወይም አይቡ አይደለም፤ ፍርዱ ከነባር ባለሙያዎች ፍርድ ጋር ይበልጥ የተስማማለት ተማሪ ነው። በዊስኮንሲን ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በሚካሄደው የዓለም የአይብ ሻምፒዮና ደግሞ ዳኞች ከ100 ነጥብ ተነሥተው ባገኙት ጉድለት ልክ ይቀንሳሉ። በሀገራችንም ‹ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ› የተባለው የቡና ውድድር በ2012 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ናሙናዎቹን አስቀድመው የመዘኑት የሀገር ውስጥ ቀማሾች ነበሩ። በቡና የተቻለው በወተት የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም።

አንድ ጥያቄ ከካህናት ዘወትር ይቀርብልናል፤ «ጾምስ?» የሚል ነው። መልሱ ጊዜን መምረጥ ነው። ላም አትጾምም፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ወተቱ ይታለባል፤ ጠጪው ግን ይቀንሳል። ስለዚህ አብዛኛው ተንጦ ቅቤ ይሆንና ለትንሣኤ ይቀመጣል። በዚህ የጾም ቅቤ ላይ የቤተሰቡ የበዓል ወጪ የተንጠለጠለ ነው፤ አያያዙ የከፋ እንደ ሆነ የሁለት ወር ድካም በአንድ ገበያ ቀን ይረክሳል። እንግዲህ ለዳኝነት የሚሻለው ጊዜ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት በዓለ ኀምሳ ነው። በዚያን ጊዜ በሕሊና ነጻ ሆኖ መቅመስ ይቻላል፤ ቅቤው በጾሙ ወራት እንዴት እንደ ተያዘም ይታወቃል። በጾም ወራት ሥልጠና ቢያስፈልግ በዐይን፣ በአፍንጫና በእጅ ብቻ ይደረግ፤ መቅመሱ ለፍስክ ይቆይ።

ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያትና የልማት ኮሚቴዎች የሚከተለውን እንዲያስቡበት በትሕትና እናሳስባለን። በመጪው በዓለ ኀምሳ ጎረቤት አጥቢያዎች ተባብረው አንድ የቅቤና የአይብ መዳኛ ቀን ያዘጋጁ፤ ብዙ ወጪ የለውም። ዳኞች ሲመረጡ ሹማምንትንና አገልጋዮችን ብቻ ሳይሆን በእጃቸው የሚንጡ እናቶችን ይጨምሩ። የራሱን ወይም የቤተሰቡን ምርት ያቀረበ ሰው በዚያ ምድብ አይዳኝ። ያልተሸለመ ሁሉ ጉድለቱና ማስተካከያው የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ ይመለስ፤ ማንበብ ለማይችሉ ዲያቆናት ያንብቡላቸው።

ያን ጊዜ መልስ ያጣንላቸውን እናት በኋላ ፈልገን አገኘናቸው። ቅቤያቸውን ከባለሙያው ጋር ስናየው አሬራው ታጥቦ አልወጣም ነበር፤ ይህንኑ ነገርናቸው። በሚቀጥለው ዓመት በዳኝነት እንዲቀመጡ ጋበዝናቸው። ከቀረቡት ናሙናዎች አንዱ በጀሪካን ተይዞ እንደ ነበር ከሁላችን ቀድመው ያወቁት እርሳቸው ነበሩ። በወረቀቱ ላይ ምክንያቱ እንዲጻፍም አጥብቀው ያሳሰቡት እርሳቸው ናቸው፤ «የዚህች ባለቤት ደግሞ ሳታውቀው እንዳትሄድ» ብለው።