ከሐሙሲት ገበያ እስከ ሰበታ ላቦራቶሪ፦ የከብት ቫይረስ በሽታዎች ክትትል

ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ደራ ወረዳ ውስጥ ትገኛለች። በገበያ ቀን ከተለያየ ቀበሌ የመጡ ከብቶች ጎን ለጎን ሲተሻሹ ውለው ማታ ወደየበረታቸው ይበተናሉ። አፍተግር የያዘው በሬ ለሃጩን ማዝረብረብና ማንከስ ሳይጀምር ቫይረሱን ሊያወጣ ስለሚችል፣ ሲነዳ የገባው ጤነኛ መስሎ ነው። የበሽታ ክትትል ሥራ ከባዱ ቦታ እዚህ ላይ ነው።

አገራችን ይህን ሥራ የተማረችው በመራራ ዋጋ ነው። በ1880ዎቹ በምጽዋ በኩል የገባው ደስታ በሽታ አብዛኛውን ከብት ፈጅቶ ገበሬውን ያለ በሬ አስቀርቷል፤ ክፉ ቀን የምንለው ያ ነው። በኋላ የመጣው ክትባት ደስታን አዳከመው፤ መጥፋቱን ያረጋገጠው ግን ክትትል ነው። ክትባቱ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ የተወለዱ ጥጆች ደም ተመረመረ። ያልተከተበ ጥጃ ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል ከተገኘ ቫይረሱ አለ ማለት ነውና። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው በ1995 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ደስታ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

የቆዳ ጉርብርብ ደግሞ ለጣና አካባቢ እንግዳ አይደለም። በአገራችን መጀመሪያ የታየው በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ከጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ነበር። የሚያስተላልፉት ተናካሽ ዝንቦችና ትንኞች ስለሆኑ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል። ባለሙያዎች የተከተቡ ከብቶች ጭምር ሲታመሙ አይተው ክትባቱን ራሱን መረመሩ፤ በሙከራም ጎርጋን የተባለው የፍየል ፈንጣጣ ክትባት ነባሩን የኬንያ ዝርያ ክትባት በልጦ ተገኘ። የሕመም መዝገብ ባይያዝ ኖሮ ይህ ድክመት ማን ያየው ነበር?

አፍተግርን ለመለየት ባለሙያው የበሬውን ምላስ ስቦ፣ ከፈነዳው ውኃ ቋጠሮ ጠርዝ የተላጠውን ቆዳ በመቀስ ይወስዳል። ቫይረሱ አሲድ አይችልም፤ ስለዚህ ናሙናው አሲድ እንዳይሆን በተጠበቀ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ፣ በበረዶ ሣጥን ወደ ባሕር ዳር የክልሉ ላቦራቶሪ፣ ከዚያም ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል። የቫይረሱን ዓይነት ማወቅ ግድ ነው፤ ለአንዱ ዓይነት የተሠራ ክትባት ከሌላው አያድንም። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩትም ክትባቱን የሚያዘጋጀው ይህን መረጃ ይዞ ነው።

ወረዳዎች በየወሩ ሪፖርት ይልካሉ፤ በስልክ የሚላክበት ሥርዓትም ተዘርግቷል። እንደ እኔ ግን ሰንሰለቱ የሚላላው ታች፣ አርቢው ጋ ነው። የነገረው ነገር ምን ላይ እንደደረሰ ካልሰማ በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ይላል፤ የታመመውንም ቶሎ ገበያ አውጥቶ መገላገልን ይመርጣል። አርቢው ከብቱ ሲያነክስና ለሃጩን ሲያዝረበርብ ባየ ጊዜ ከገበያና ከጋራ ግጦሽ ያቆየው፤ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያም ይጥራ። ባለሙያውም የምርመራውን ውጤት ይዞ እበረቱ ድረስ ይመለስለት።