ዘመኑ ያልተጻፈበት የአክሱም የመዳብ መሐለቅ እንዴት ይታወቃል?

ዳግማዊ ምኒልክ ያሠሩትን ብር በእጁ የያዘ ሰው የገንዘቡን ዘመን ለማወቅ አይቸገርም፤ 1887 ወይም 1889 የሚለው ዓመተ ምሕረት በግዕዝ ቁጥር ተቀርጾበት ይገኛልና። የአክሱም ነገሥታት ግን ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንሥቶ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ከወርቅ፣ ከብርና ከመዳብ ባሠሩት ገንዘብ ላይ ዓመት አላስጻፉም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ከዝናም በኋላ በአክሱም አካባቢ ከእርሻ መሬት የሚለቀመው፣ አረንጓዴ ዝገት የለበሰው ትንሽ መዳብ ዘመኑን የሚናገረው በቁጥር ሳይሆን በሌሎች ምልክቶች ነው።

ነገሩ ለአሮጌ ገንዘብ ሰብሳቢዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ከአክሱም ነገሥታት ብዙዎቹ ስማቸው የታወቀው በገንዘባቸው ብቻ ነው፤ በኋላ ዘመን የተጻፉት የነገሥታት ዝርዝሮችም በመሐለቁ ላይ ከሚነበቡት ስሞች ጋር አብዛኛውን ጊዜ አይስማሙም። እንግዲህ አንድ መሐለቅ ያለ ቦታው ቢመደብ የንጉሡም ተራ አብሮ ይዛባል፤ የንጉሡ ተራ ሲዛባም በእርሱ ላይ የተመሠረተው ታሪክ ይናጋል።

መርማሪው አስቀድሞ የሚፈልገው ዘመናቸው ከሌላ ምንጭ የተረጋገጠላቸውን ነገሥታት ነው። ከእነዚህም ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ዒዛና ነው፤ የሮም ቄሣር ዳግማዊ ቆንስታንቲዮስ በ356 ገደማ ለዒዛናና ለወንድሙ ለሳዛና የጻፈውን ደብዳቤ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት አትናቴዎስ በጽሑፉ ውስጥ አቆይቶታል። ሁለተኛው ካሌብ ነው፤ በ525 ገደማ ባሕር ተሻግሮ በደቡብ ዓረብ ያደረገውን ዘመቻ የግሪክና የሶርያ ጸሐፊዎች መዝግበውታል። የቀሩት ነገሥታት ከእነዚህ ከሁለቱ ችካሎች በፊት፣ በመካከላቸው ወይም ከእነርሱ በኋላ ይሰለፋሉ።

ከዚያ በኋላ የሚመረመረው ሥዕሉ ነው። በቀደሙት ነገሥታት ገንዘብ ላይ ከንጉሡ ራስ በላይ ጨረቃና ክብ ይታያሉ። ዒዛና ክርስትናን ከተቀበለ ወዲህ ግን ቦታቸውን መስቀል ወስዶታል፤ በዒዛና ስም ሁለቱም ዓይነት ይገኛል። ስለዚህ መስቀል ያለበት መሐለቅ ከዒዛና ክርስትና በፊት ሊሆን አይችልም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጽሕፈቱ ነው። በወርቁ ገንዘብ ላይ የሚበዛው የግሪክ ቋንቋ ነው፤ ወርቁ ከውጭ አገር ነጋዴዎች ጋር ይገናኝ ነበርና። መዳቡ በአገር ውስጥ ገበያ የሚዞር ስለ ነበረ ቀስ በቀስ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። የግዕዙም ቃል ንጉሡን ለመለየት ይረዳል፤ በኢዮኤል መዳብ ላይ «ክርስቶስ ምስሌነ»፣ በአርማሕ መዳብ ላይ «ፍሥሓ ለይኩን ለአሕዛብ» የሚል ይነበባል። እዚህ ላይ ግን ተማሪ ሊጠነቀቅ የሚገባው አንድ ወጥመድ አለ። ፊደሉ ከካዕብ እስከ ሳብዕ ያሉት ቅርጾች ሳይኖሩበት በግዕዝ ብቻ ቢጻፍ፣ ገንዘቡ የግድ ጥንታዊ ነው ማለት አይደለም። በድንጋይ ላይ የተቀረጹት ጽሑፎች በዒዛና ዘመን እነዚህን ቅርጾች ሲይዙ፣ የገንዘብ ቀራጮች አሮጌውን አጻጻፍ እስከ መጨረሻዎቹ ነገሥታት ድረስ በአብዛኛው ጠብቀውታል።

ክብደት ለወርቁ ጥሩ ምስክር ነው፤ በ4ኛው መቶ ዓመት የሮም ገንዘብ ሲለወጥ የአክሱምም ወርቅ ወደ 1.6 ግራም ገደማ ዝቅ ብሏልና። የመዳቡ ክብደት ግን ከአንዱ ወደ ሌላው እጅግ ስለሚለያይ ብቻውን ዘመን አይወስንም።

አሁን በአክሱም በብዛት ከሚገኙት የመዳብ ዓይነቶች አንዱን በምሳሌ መመልከት ይቻላል። በአንድ ፊቱ ራሱን በሻሽ የሸፈነ ንጉሥ አለ፤ በዙሪያውም በግሪክ «ባሲሌውስ» ማለት «ንጉሥ» የሚል ብቻ ተጽፏል፤ ስም የለውም። በሌላው ፊት መስቀል አለ፤ በዙሪያውም «ይህ ሀገርን ደስ ያሰኛት» የሚል የግሪክ ቃል ይነበባል። መስቀሉ ከዒዛና ክርስትና በፊት አለመሆኑን ያስረዳል። ይኸው ቃል በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በነገሠው በወዜባስ መዳብ ላይም ስለሚገኝ ሁለቱ በዘመን ይቀራረባሉ። ደግሞም ከዚሁ ዓይነት አንዳንዶቹ ፊደላቸው የጠራ፣ ሌሎቹ ግሪክኛ በማያውቅ እጅ የተዘበራረቀ ነው፤ ይህም አሠራሩ ለረጅም ጊዜ መቆየቱን ያመለክታል። እንግዲህ የተገኘው መልስ አንድ ዓመት ሳይሆን ወሰን ነው፤ ይኸውም ከ4ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እስከ 5ኛው መቶ ዓመት ውስጥ ነው። የዚህ ዓይነት መዳብ በኢየሩሳሌም ጭምር ስለ ተገኘ የገንዘቡ ጉዞ ከአገር ውስጥ ገበያ አልፎ እንደ ነበረ ይታወቃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሁለት ምስክሮች በቀላሉ ይጠፋሉ። አንደኛው ወርቅ ነው። የአክሱም ቀራጮች በአንዳንድ መዳብ ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መካከል ስስ ወርቅ ይለብጡ ነበር። መሐለቁ እንዲያበራ በሎሚና በአመድ ወይም በአሲድ ሲታሽ ያ ወርቅ ከዝገቱ ጋር ይሄዳል። ሁለተኛው የተገኘበት ስፍራ ነው። ጽሕፈቱ የተፋቀ መዳብ እንኳ ከየትኛው የአፈር ደርብ፣ ከምን ዓይነት ሸክላና ከየትኛው ሌላ ገንዘብ ጋር እንደ ተገኘ ቢመዘገብ ዘመኑ ሊታወቅ ይችላል። ወደ ገበያ ወጥቶ ከእጅ ወደ እጅ ከተላለፈ በኋላ ግን ጽሕፈቱ ያልጠፋበት ብቻ ይናገራል፤ የጠፋበት መዳብ ብቻ ሆኖ ይቀራል።